ከካዜ ኢንቺስ እስከ ቼክዲስክ፦ የእድራችን መዝገብ እና የሃርድ ዲስክ ጥገና ታሪክ

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል። ቡና ያፈላችሁ ከአቦል ጀምሩት፣ እስከ በረካ ያደርሳችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ስልኬ ጮኸ። የእድራችን ዳኛ ናቸው። "ልጄ፣ ከቶታል በታች የነበሩት እማማ አርፈዋል። ቤተሰቡ አሁን ገላን ጉራ ነው። መዝገቡን ይዘህ ድረስ" አሉኝ። እሺ ጋሼ ብዬ ስልኩን ዘጋሁና አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ምክንያቱም መዝገብ የሚባል ነገር እጄ ላይ አልነበረም።

የእድሩ ጸሐፊ ከሆንኩ 6 ዓመት አልፎኛል። ድሮ መዋጮው የሚጻፈው በትልቅ ደብተር ነበር። እኔ ስመጣ "ዘመን ተቀይሯል" ብዬ ወደ ኮምፒውተር፣ ወደ ኤክሴል ገለበጥኩት። ጎበዝ ተባልኩ። በ2017 ዓ.ም መስከረምና ጥቅምት ላይ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ሰፈሩ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተበተነ። ብዙው ሰው ወደ ገላን ጉራ ሄደ፣ ሌላው ዘመድ ጋር ተጠጋ፣ ሌላው ኪራይ ፈልጎ ገባ። አሮጌው ደብተር በግርግሩ የት እንደገባ አይታወቅም። ኮምፒውተሩ ግን ተርፏል። መትረፉ እንኳን እንዴት ነው፦ አይሱዙ ላይ፣ ከቁም ሳጥንና ከፍራሽ መሃል ተጠቅጥቆ።

ያን ቀን ጠዋት ሰካሁት። ሲፒዩው በራ፣ ከውስጡ "ቀጭ፣ ቀጭ" የሚል ድምፅ መጣ፣ ዊንዶውስ ዲስኩን ለስህተት እየፈተሽኩ ነው ብሎ ጻፈና እዚያው ላይ ቀረ። አንድ ሰዓት ጠበቅኩ። ወይ ፍንክች።

በመተዳደሪያ ደንባችን 3 ወር ውዝፍ ያለበት ቤተሰብ ሙሉ ገንዘቡ አይሰጠውም። የእማማ ልጆች "እናታችን አንድም ወር አላሳለፈችም" ይላሉ። ገንዘብ ያዣችን ደግሞ "መዝገብ ሳላይ ብር ካወጣሁ ነገ ሌላው እድርተኛ ምን ይለኛል?" ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ድንኳኑ ተተክሎ፣ ለቀስተኛ ተቀምጦ፣ የአንዲት እናት ስም አንድ የተበላሸ ብረት ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ።

እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። መካኒክ አይደለሁም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ይሄን ብረት እንደ ታሪክ ሰነድ አጠናሁት። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ስለ ሰፈሩ

ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ ተፈትሾ የተገኘ ቃል ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም አዲስ አበባን ይዞ በነበረበት ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራለት ተቋም ነበረው። የተቋሙ ስም በአጭሩ ኢንቺስ ይባላል። ካዜ ማለት ቤቶች ነው። ካዜ ኢንቺስ፣ የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ጣሊያን ሄደ፣ ቤቶቹ ቀሩ፣ ስሙን የሰፈራችን አፍ አለስልሶ ካዛንቺስ አደረገው። ፖፖላሬም እንዲሁ ከጣሊያንኛ የመጣ ስም ነው። ወራሪው የጻፈውን ነዋሪው በራሱ ድምፅ ገልብጦ አስቀመጠው። ዛሬ ቤቶቹ ሲሄዱ የቀረው ይሄ ግልባጭ ብቻ ነው። ይሄን ቃል ያዙልኝ፦ ግልባጭ።

የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ

እ.ኤ.አ በ1956፣ በእኛ 1949 ዓ.ም መግቢያ ላይ፣ አይቢኤም ራማክ የሚባል ማሽን አወጣ። በዓለም የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበ ሃርድ ዲስክ እሱ ነው። 50 ሳህኖች ተደራርበው ነበር፤ የአንዱ ስፋት 61 ሴንቲ ሜትር፣ የእንጀራ ምጣድ የሚያህል ማለት ነው። አንድ ቶን ገደማ ይመዝናል። የሚይዘው ግን 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነው። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ጥሩ ፎቶ እሱ ውስጥ ላይገባ ይችላል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ1958፣ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ እኛ ኢሲኤ የምንለው፣ አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ። የአፍሪካ አዳራሽ በ1961 ተመረቀ፤ ኢሲኤም መኖሪያው እዚሁ ካዛንቺስ አፍንጫ ስር ሆነ። በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው።

አሁን አንድ አስገራሚ ዓመት ልንገራችሁ፦ እ.ኤ.አ 1980። በዚያ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ሲጌት የተባለው ኩባንያ ለግል ኮምፒውተር የሚሆን 5 ሜጋባይት የሚይዝ ትንሽ ሃርድ ዲስክ አወጣ። ራማክ በአንድ ቶን የያዘውን ያህል በእጅ የሚያዝ ሆነ። በዚያው ዓመት ቲም ፓተርሰን የተባለ ወጣት በኋላ ኤምኤስ ዶስ የሆነውን ሲስተም ጻፈ። በዚያው ዓመት እኛ ሰፈር፣ ኢሲኤ ግቢ ውስጥ፣ ፓዲስ የሚባል ክፍል ተቋቋመ። ሥራው የአፍሪካን የልማት ሰነዶች ሰብስቦ በኮምፒውተር መመዝገብ ነበር። እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ኢትዮጵያ ኢንተርኔት የሚባል ነገር ሳይኖራት፣ ፓዲስ በተራ ስልክ መስመር ኢሜይል ይቀበልና ይልክ ነበር። ኢንተርኔት ለሕዝብ የመጣው በ1997፣ በእኛ 1989 ዓ.ም ነው። እናንተ ካዛንቺስ ሲባል የምሽት ቤት ብቻ ትዝ የሚላችሁ፣ ይሄንንም ጨምሩበት።

ዲስክ ለምን ይሳሳታል?

ዲስክን እንደ ቀበሌ መዝገብ ቤት አስቡት። መደርደሪያ አለ፣ መደርደሪያው ላይ ፋይል አለ። በር ላይ ደግሞ ማውጫ አለ፦ "የእገሌ ፋይል፣ መደርደሪያ 4፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ ቀጥሎ ደግሞ መደርደሪያ 9" የሚል። ኮምፒውተር አንድ ነገር ስታስቀምጡ ሁለት ሥራ ይሠራል። ወረቀቱን መደርደሪያ ላይ ያኖራል፣ ማውጫው ላይ ይጽፋል። በሁለቱ መካከል መብራት ቢጠፋስ? ወረቀቱ ተቀምጧል፣ ማውጫው ግን አያውቀውም። ወይም ማውጫው አለ ይላል፣ መደርደሪያው ባዶ ነው። ወይም ሁለት ባለጉዳይ አንድ ወረቀት የእኔ ነው ይላሉ። እነዚህ የማውጫ ስህተቶች ናቸው።

ሌላው የመደርደሪያው የራሱ ብልሽት ነው። ዲስኩ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራል፤ የሚያነበው ጭንቅላት ከሳህኑ በላይ በዓይን በማይታይ ክፍተት ይንሳፈፋል። እየሠራ ሳለ ቢመታ ወይም ቢወድቅ ጭንቅላቱ ሳህኑን ይፍቃል። የተፋቀው ቦታ ባድ ሴክተር ይባላል። የእኛ ኮምፒውተር አይሱዙ ላይ ጠፍቶ ቢሆንም፣ ያን ሁሉ ድንጋይና ጉድጓድ አልቻለውም።

ስህተትን ፈልጎ ማረም የሚለው ሐሳብ ከዲስክ ይቀድማል። እ.ኤ.አ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሪቻርድ ሃሚንግ የተባለ የሒሳብ ሰው ቤል ላብስ ይሠራ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ማሽኑ ላይ ሥራ ጭኖ ይሄዳል፣ ሰኞ ሲመለስ ማሽኑ ስህተት አግኝቶ ሥራውን ጥሎታል። ሰውየው ተናደደ። ማሽኑ ስህተት መኖሩን ካወቀ ለምን የት እንዳለ አውቆ አያርመውም ብሎ አሰበና በ1950 ዘዴውን አሳተመ። ዛሬ እያንዳንዱ ሃርድ ዲስክ ከመረጃው ጎን ተጨማሪ ማረሚያ ቁጥር ይጽፋል። በየቀኑ ብዙ ትናንሽ ስህተት ይሠራል፣ ሳንሰማ ራሱ ያርማል። እኛ ጋ የሚደርሰው ማረም ያቃተው ብቻ ነው።

ማውጫውን ለማረም ደግሞ ሌሎች ፕሮግራሞች መጡ። ዩኒክስ በተባለው ሲስተም ላይ ኤፍኤስቼክ፣ በዶስ ላይ ቼክዲስክ። ኤፍኤስቼክ ባለቤት ያጣ ፋይል ሲያገኝ የሚያስቀምጥበት ፎልደር ስሙ "ጠፍቶ የተገኘ" ነው። ቼክዲስክ ደግሞ ቁጥር እየሰጠ ያስቀምጣቸዋል፦ ፋይል 0000፣ ፋይል 0001፣ እያለ። ስም የለም፣ አባት የለም፣ ቁጥር ብቻ። ከሰፈር ተነስቶ አዲስ ሳይት የገባ ሰው ይሄን አገላለጽ ይረዳዋል።

ሰማያዊው ስክሪንና የመብራት ፈረቃ

የእኔ ዕድሜ እኩዮች ስካንዲስክን አትረሱትም። ማይክሮሶፍት በ1993 ከዶስ 6.2 ጋር ያወጣው ነው። ዊንዶውስ 98 ላይ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በራሱ ይነሳ ነበር። ሰማያዊ ስክሪን፣ ከታች በቀስታ የሚሄድ ቢጫ መስመር፣ በትክክል ስላልዘጋኸኝ ነው የሚል ወቀሳ። እኛ ምን እናድርግ? የዘጋነው እኛ አይደለንም!

ካዛንቺስ ውስጥ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ የገባን ልጆች ከኮርሱ ግማሹን ስካንዲስክ ስናይ ነው ያሳለፍነው ብል ማጋነን አይሆንም። በ2001 ዓ.ም መብራት በፈረቃ ሲሆን ትዝ ይላችኋል? ዝናብ ጠፍቶ ግድቦች ጎድለው ነበር። የተከዜ 300 ሜጋዋት በ2002 ዓ.ም ኅዳር ተመረቀ፤ የግልገል ጊቤ ሁለት 420 ሜጋዋት ጥር ላይ ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ ዋሻው ተደረመሰ፤ ጣና በለስ 460 ሜጋዋት ይዞ በዚያው ዓመት ግንቦት ተጨመረ። ይሄ የግድብ ታሪክ ነው እንላለን። የሃርድ ዲስክም ታሪክ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየፎቶ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ ስንት ፋይል በመብራት መጥፋትና መምጣት መካከል እንደቀረ የመዘገበ የለም።

መፍትሔው በከፊል ከዚያ በፊት ተገኝቶ ነበር። በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር የመጣው ኤንቲኤፍኤስ ማውጫውን ከመንካቱ በፊት "አሁን ይሄን ልሠራ ነው" ብሎ ማስታወሻ ይጽፋል። መብራት ቢጠፋ፣ ሲመለስ ማስታወሻውን አንብቦ የጀመረውን ይጨርሳል ወይም ይሰርዛል። በ2001 እ.ኤ.አ ዊንዶውስ ኤክስፒ ይሄን ወደየቤቱ አመጣው። ሰማያዊው ስክሪን እየቀነሰ የሄደው ለዚህ ነው። ግን ልብ በሉ፣ የሚጠበቀው ማውጫው ነው። የጻፋችሁት ነገር ራሱ እንደሚተርፍ ዋስትና አይሰጥም።

እኔ የሠራሁት ስህተት

እዚህ ላይ አንድ ኑዛዜ አለብኝ። ከጥቂት ዓመት በፊት በማስተምርበት ትምህርት ቤት የተማሪ ውጤት ያለበት ዲስክ እምቢ አለ። እኔ "ይሄማ ቀላል ነው" ብዬ ቼክዲስክን ባድ ሴክተር ጭምር እንዲጠግን አዘዝኩት። ሌሊቱን ሙሉ ሲቧጥጥ አደረ። ጠዋት "ተስተካክሏል" አለኝ። ገባሁ። ዲስኩ ንጹሕ ነው። የሁለት ሴክሽን ሮስተር ግን የለም። በምትኩ በመቶ የሚቆጠሩ ቁጥር ብቻ ያላቸው ፋይሎች አሉ፣ አብዛኞቹ አይከፈቱም። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከመምህራን የማርክ ወረቀት እየለመንኩ በእጄ ሞላሁት።

ያኔ ያልገባኝ ይሄ ነው። ቼክዲስክ የተሠራው ማውጫውና መደርደሪያው እንዲስማሙ ለማድረግ ነው። የማይስማማ ነገር ሲያገኝ ይቆርጣል። ለእሱ ጤና ማለት መስማማት ነው። ለእኔ ግን ጤና ማለት የልጆቹ ውጤት መኖር ነበር። ሁለቱ አንድ አይደሉም። በዚያ ላይ ዲስኩ በአካል እየሞተ ከሆነ፣ ሌሊቱን ሙሉ እያንዳንዱን ቦታ አንብብ ማለት የታመመን ሰው እንጦጦ ሩጥ እንደማለት ነው።

ለታሪክ ሰውም ትምህርት አለው። መዝገብ ሲስተካከል ሁልጊዜ "ምኑ ተቆረጠ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ብዙ የካዛንቺስ ቤት የቀበሌ ቤት ሆኖ አዲስ ቁጥር ወጣለት። አዲሱ ማውጫ ቁጥሩን ያውቃል። ከዚያ በፊት ማን እንደኖረበት ግን የሚያውቁት አሮጊቶቹ ነበሩ። ከቶታል በታች የነበሩት እማማ ከእነዚያ አንዷ ናቸው።

መጀመሪያ ግልባጭ

ወደዚያ ቀን ልመልሳችሁ። ዲስኩን ይዤ አንድ ጥገና ቤት ሄድኩ። ልጁ ሰክቶ ሰማው፣ "ፎርማት እናድርገው?" አለኝ። የአገራችን ጥገና ቤት የመጀመሪያ ቃሉ ይሄ ነው መቼም። አይሆንም አልኩት። "እሺ ቼክዲስክ እንልቀቅበት?" አለ። እሱንም እምቢ አልኩ። በፊት የተቃጠልኩበት ነው።

አባቶቻችን መጽሐፍ ሲያረጅ ምን ያደርጉ ነበር? አሮጌውን ብራና አይፍቁም። ጸሐፊው አዲስ ብራና አዘጋጅቶ ይገለብጣል፣ ከዚያ ግልባጩ ከዋናው ጋር እየተነበበ ይታረማል። እ.ኤ.አ ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሱ የተሠራው ይሄው ነበር። ከ9,000 በላይ ብራናዎች ተነሥተው ግልባጫቸው አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጧል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ሰጥተው ካታሎግ ሠሩለት። ብራናው ቢጠፋ ፊልሙ ይኖራል።

በኮምፒውተርም ሕጉ ያው ነው። ዲዲሬስኪው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። የታመመውን ዲስክ ወደ ጤነኛ ዲስክ ይገለብጣል። ብልሃቱ አስቸጋሪ ቦታ ሲደርስ አይታገልም፣ ዘሎ ያልፋል። ቀላሉን ሁሉ ቀድሞ ያወጣና በመጨረሻ ወደ ከባዱ ይመለሳል፣ የት የት እንደቀረውም ይመዘግባል። አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በሊኑክስ ፍላሽ አስነሳልኝ። ከሰዓት ጀምረን እስከ ማግስቱ ጠዋት ሄደ። ከ320 ጊጋባይቱ ያልተነበበው ጥቂት ሜጋባይት ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ቼክዲስክን የለቀቅነው፣ ያውም ግልባጩ ላይ። ቢያበላሸው ሌላ እንገለብጣለን።

የመዋጮው ፋይል ስሙን አጥቶ ከቁጥረኞቹ መካከል ተገኘ። የኤክሴል መጠሪያውን መልሼ ስሰጠው ተከፈተ። እስከ ሐምሌ 2016 ያለው ሁሉ አለ። የእማማ መስመር ላይ አይኔ ሲያርፍ እጄ ተንቀጠቀጠ፦ አንድም ውዝፍ የለም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ልጃቸው ከቦርሳቸው ባገኘችው ደረሰኝ ሞላን። እሳቸው ሁሉንም ደረሰኝ በመሐረብ ጠቅልለው አስቀምጠውታል። ከእኔ ኮምፒውተር ይልቅ የእሳቸው መሐረብ የታመነ ነበር።

ገንዘቡ በሠልስት ተከፈለ። ገንዘብ ያዣችን ቆጥረው ሲያስረክቡ "ይቅርታ አድርጉልን" አሉ። ልጅቷ "ኧረ እናንተ ምን አደረጋችሁ" ብላ አለቀሰች።

ዛሬ ማታ ምን ታደርጋላችሁ?

ዲስካችሁ ድምፅ ካለው ወይም ፋይል ለመክፈት ከወትሮው ከዘገየ፣ ሌላ ምንም ሳትሠሩ የምትፈልጉትን ገልብጡ። የማይነበብ ከሆነ ደጋግማችሁ አታስነሱት፤ አጥፉትና የሚያውቅ ሰው ፈልጉ። ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ መብራት ብቻ ጠፍቶበት ከሆነ ቼክዲስክ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ አትፍሩት። መጀመሪያ ግን ያለ ጥገና ፍተሻ ብቻ አስደርጉና ምን እንደሚል አንብቡ። ፎርማት የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ዲስኩን ተቀብላችሁ ውጡ።

የእድር፣ የማኅበር፣ የዕቁብ ጸሐፊ የሆናችሁ ደግሞ አደራ፦ በየወሩ አትሙት። የእኛ መዝገብ አሁን በ3 ቦታ በወረቀት አለ፤ አንዱ ዳኛው ጋ፣ አንዱ ገንዘብ ያዥ ጋ፣ አንዱ ገላን ጉራ። አንዱ ፍላሽ ላይ፣ አንዱ ኢሜይሌ ውስጥ። የካዛንቺስ ሰው ተበትኗል፣ መዝገቡም አብሮት ተበትኖ ይኑር ብለን ነው።

የሰፈራችሁ የድሮ ፎቶ ያለበት አሮጌ ኮምፒውተር ቁም ሳጥን ላይ ያስቀመጣችሁ ካላችሁ፣ ከማስነሳታችሁ በፊት ደውሉልኝ። ኬብልና ጤነኛ ዲስክ ይዤ እመጣለሁ። ቡና ብቻ አፍሉ።

ቸር እንሰንብት።